በኋላ የተሠራ

ያን ዕለት ነፋሱ ባቡሮቹን ባያስቆማቸው ኖሮ ፀዳለና ወንድይራድ በአንድ ጣቢያ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው በተላለፉ ነበር። እሷ መንገዷ ወደ ሮተርዳም፣ እሱ ወደ አምስተርዳም። ወዲያና ወዲህ የሚሄዱ ሁለት መንገደኞችን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያስተዋውቅ ሽማግሌ በዚያ አገር ነፋስ ብቻ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2015 ዓ.ም.፣ የኅዳር ወር ነበር፤ ቦታው ዴን ሃግ፣ ሆላንድ ስፖር የሚባለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ። ፀዳለ ከቭላርዲንገን ድረስ የመጣችው ኢንተርኔት ላይ የሸጠችውን ያገለገለ የቆዳ ቦርሳ ለገዢዋ በእጇ ልታስረክብ ነው። ገዢዋ ግን ቀረች፤ ስልኳንም ዘጋች። ፀዳለ ጠዋቱን ያሳለፈችው ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ስታጥብና ስታለብስ ነበር፤ እንጀራዋ እሱ ነው። አሁን ወገቧም ትከሻዋም የእሷ አልመስል ብሏታል። መናደድ እንኳ አቅም ይጠይቃል፣ እሱም አልነበራትም። ስለዚህ ከያዘችው ፌስታል ውስጥ ወስፌዋንና ሰም የተቀባ ክሯን አወጣችና ሌላ የጀመረችውን የቦርሳ ማንጠልጠያ መስፋት ያዘች።

ስልኳ ጮኸ፤ አከራይዋ ናቸው።

«አቤት እትዬ... የለም፣ አልመጣችም። ባቡርም የለም፣ ነፋስ ነው። እርስዎ ይብሉ፣ እኔን አይጠብቁ።»

ስልኩን ስትዘጋ አጠገቧ የተቀመጠው ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወጣት ዞሮ እያያት ነው።

«አንቺ ሐበሻ ነሽ?» አላት።

የማያውቋትን ሴት ከመሬት ተነስቶ «አንቺ» ማለት ደግ አይደለም። ፀዳለ ቀና ብላ ልትገላምጠው ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ ድፍረት አላየችም። ያየችው ደስታ ነው፤ የጠፋበትን ነገር ያገኘ ሕፃን ደስታ።

«ምነው፣ አልመስልም?»

«ትመስያለሽ። ግን ሴት ጫማ ሰፊ አይቼ አላውቅም።»

«ይሄ ጫማ ነው?» ማንጠልጠያውን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ሶሪ። ቦርሳ ሰፊ።»

ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፤ ከሳቀች በኋላ ግን መልሳ ልትውጠው አልቻለችም።

ወንድይራድ እንደሚባል ነገራት። ሆላንድ የገባው በስድስት ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ ያደገው «አንተ» ሲባባል ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ደግሞ አማርኛ የሚያወራው ሰው የለውም። «እርስዎ» የሚለውን ቃል ሲሰማው ያውቀዋል፤ አፉ ላይ ግን አይመጣለትም።

«ሥራህስ?» አለችው።

«እዚሁ ቢሮ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሪፖርት እጽፋለሁ።»

«ስለምን?»

«ስለ ዕቃ። ያሰለቻል፣ ተይው። ያንቺስ?»

«የእኔ ያደክማል።»

በዚሁ ተላለፉ። አንዲት ጥያቄ ተጨምራ ቢሆን ኖሮ ብዙ መከራ በቀረ ነበር። ግን ሁለት የደከማቸው ሰዎች ስለ ሥራ አይመረማመሩም፤ ሥራን ለመርሳት ነው የሚያወሩት።

ነፋሱ ሲበርድ የሁለቱም ባቡር ተከታትሎ መጣ። ወንድይራድ የእሱን አሳለፈው።

ከዚያ በኋላ አቅጣጫ የተምታታበት ሰው ሆነ። ቤቱ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ግን የሚሳፈረው ወደ ሮተርዳም ነው። እዚያ ፀዳለን ያገኛታል፤ እስከ ቭላርዲንገን ይሸኛታል፤ ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ይመለሳል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ እሷም አልጠየቀችው፣ እሱም አልተናገረ። ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመስኮቱን መስታወት ያያሉ። ውጭው ጨለምለም ሲል መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ያኔ ሁለቱም ውጭ የሚያዩ ይመስላሉ።

አንድ ቀን ገና ከሮተርዳም ሳይርቁ ወንድይራድ እንቅልፍ ጣለውና ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። የታመመው ትከሻዋ ነበር። ፀዳለ ልትቀሰቅሰው እጇን አነሳችና የዓይኑን ሽፋን አየችው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ዓይን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ተከድኗል። አንጀቷን በላው። ባቡሩ ቭላርዲንገን ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ። ዝም አለች። የመስመሩ መጨረሻ የባሕሩ ዳርቻ ነው፤ እዚያ ድረስ ዝም አለች።

ወንድይራድ ሲነቃ መስኮቱ ሥር አሸዋ አየ።

«የት ነን?»

«ባሕሩ ጋ።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ቤትሽ እኮ አለፈ!»

«ይለፍ። ቤት የትም አይሄድ።»

የሚመለሰውን ባቡር እስኪያገኙ አሸዋው ላይ ቆሙ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወንድይራድ ካፖርቱን አውልቆ ለሁለት ከላያቸው ጣለውና ብዙ አሰበ። የሚፈልገው ቃል በአማርኛ አልመጣለት ብሎ ሲቸገር ታየዋለች፤ ልታግዘውም አልፈለገችም።

«ፀዲ» አላት በመጨረሻ። «ካንቺ ጋር መድከም ደስ ይላል።»

ፀዳለ በሕይወቷ ብዙ የፍቅር ቃል ሰምታለች፤ ከዚህ የተሻለ ግን አልሰማችም። የቀዘቀዘ እጁን ይዛ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ቦርሳዎቹ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ፀዳለ አዲስ አበባ ሳለች ቃሊቲ አካባቢ ጫማ ፋብሪካ ሠርታለች፤ ቆዳ ታውቃለች። ሆላንዶች ክሪንግሎፕ በሚሉት የልባሽ ዕቃ መደብር እየዞረች፣ ስማቸው የገነነ ድርጅቶች የሠሯቸውንና ባለቤቶቻቸው የሰለቿቸውን ቦርሳዎች ትለቅማለች። ዚፑ የሄደውን ዚፕ ታስገባለታለች፣ ገበሩ የተቀደደውን ገበር ትቀይርለታለች፣ ከዚያ ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ትሸጠዋለች። ሕልሟ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነበረች፤ ሰው ማንሳትና ማጋደም ያደቀቀው ትከሻዋ የሚያርፍባት። አንድ ደንብ ነበራት፤ የነካችውን አትደብቅም። ስፌቱ የእሷ ከሆነ የእሷ ነው ብላ ትጽፋለች። ለዚህም ነው በምትጠግነው ሁሉ ላይ ቀይ ክር የምትጠቀመው፤ ገዢ አዲሱን ከአሮጌው ይለይ ብላ።

በየካቲት ደብዳቤ መጣ።

ወፍራም ፖስታ ነበር፣ ከዴን ሃግ፣ ከጠበቆች። አንዱን ቦርሳዋን የሠራው የፈረንሳይ ድርጅት የወከላቸው ናቸው። ፀዳለ መዝገበ ቃላት ይዛ ሙሉ ቀን ታገለችው። ሐሰተኛ ቦርሳ በድርጅቱ ስም ለሽያጭ እንዳቀረበች፣ ይህንንም በማስታወቂያዋ ላይ በራሷ ቃል እንዳመነች ይናገራል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ፈርማ የምትልከው የእምነት ቃል ተያይዟል። ከፈረመች ቤቷ ያሉትን የድርጅቱን ቦርሳዎች ታስረክባለች፣ ይቃጠላሉ፣ ካሳ ትከፍላለች፣ ነገሩ ያልቃል። ካልፈረመች ፍርድ ቤት። ማስታወቂያዋም ከኢንተርኔቱ ላይ ወርዷል።

እትዬ ብዙወርቅ ክፍል ያከራዩአት ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ደብዳቤውን ወዲያና ወዲህ ገልብጠው አዩት።

«ፈርሚና ይለፍሽ ልጄ። በዚህ አገር ከወረቀት ጋር አይታገሉም።»

«ምን ብዬ ልፈርም እትዬ? አጭበርባሪ ነኝ ብዬ?»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ። ሥራዬም ቢሆን የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይጠይቃል። ሰው ቤት ቁልፍ ይዤ የምገባ ሰው ነኝ።» ደብዳቤውን ከእጃቸው ወሰደች። «ደግሞ መቼ ነው ያመንኩት? በየትኛው አፌ?»

ይኸው ነበር ያንገበገባት። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ እሷ ራሷ ተናገረች የተባለው ነገር ምን እንደሆነ አልገባትም።

ለወንድይራድ በስልክ አልነገረችውም። እሁድ ለምሳ ቤቷ ጋብዛው ነበር፤ የመጀመሪያው ነው። በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ከዚያ ያነብልኛል ብላ አሰበች። ደች እንደሆነ ለእሱ እንደ ውኃ ነው።

እሁድ ዕለት አበባ ይዞ መጣ። በሩን የከፈቱለት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት እትዬ ብዙወርቅ ናቸው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ።

«ሰላም ብዙወርቅ፣ እንዴት ነሽ?» አላቸው በሙሉ ልብ።

«ፀዳለ!» ብለው ጮኹ። «ኧረ ነይ ጉድ እዪ! ልጁ ጓደኛው አደረገኝ!»

ፀዳለ ከወጥ ቤት በሳቅ እየተንፈራፈረች ወጣች። ወንድይራድ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«እርስዎ በል» አሉት እትዬ ብዙወርቅ። «እንዴት ነዎት በል።»

«እንዴት ነዎት፣ ብዙወርቅ።»

«እትዬ!»

«እትዬ ብዙወርቅ፣ እንዴት ነዎት ነሽ?»

«ተወው፣ ተወው። ግባ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ሳቁ ገና ሳያልቅ ነው ወንድይራድ ሳሎን የገባው። ጠረጴዛው ላይ ሎሚ የተሳለበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ አንዱ ጥግ ላይ በካውያ የተቃጠለ ምልክት አለው። እሱን አየና ቆመ። ወንበር ሲስቡለት አልተቀመጠም፤ ፕላስቲኩን እያየ ቀረ። ከዚያ ተቀመጠ፣ ግን የመጣው ወንድይራድ አልነበረም የተቀመጠው። ሲያጎርሱት ጎረሰ፣ ሲጠይቁት «አዎ» አለ። ፀዳለ የሆዷን በሆዷ ይዛ ዙሪያዋን ቃኘች። የተላጠ ግድግዳ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ በኪራይ ክፍል የምትኖር ሴት። ‹ይሄንን አልጠበቀም› አለች በልቧ። ሆድ ባሳት።

እትዬ ብዙወርቅ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ፣ ቢያንስ ያንብብልኝ ብላ ደብዳቤውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ሎሚዎቹ ላይ አስቀመጠው።

«ማስታወቂያው ላይ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ምን እላለሁ? እውነቱን ነዋ። እውነተኛ ቆዳ፣ ያገለገለ፣ እጀታው በጥንቃቄ ናኸማክት።»

«ናኸማክት» አለ ወንድይራድ። ዓይኑን ጨፈነ። «ምን ማለትሽ ነበር?»

«በኋላ የተሠራ።» ፀዳለ የተገረመችው በጥያቄው ነው። «ና ማለት በኋላ ነው አይደል? ኸማክት ደግሞ ተሠራ። የማጥባቸው ሽማግሌ ሰዓታቸው ሲጠገንላቸው ‹ኸማክት› ይሉኛል። ተበላሽቶ በኋላ የተሠራ ነው ማለቴ ነበር። ማንም እንዳይታለል።»

ነገሩ ወዲህ ነው። በአማርኛ ሰዓትም ይሠራል፣ ቤትም ይሠራል፤ አዲስ የተፈጠረውም የተጠገነውም በአንድ ቃል «ተሠራ» ይባላል። በደችም ኸማክት እንዲሁ ነው፤ ፀዳለ ይህን ከሽማግሌው አፍ ሰምታ ቋንቋው ወገኗ መስሏት ነበር። ‹ና› የምትለዋ ትንሽ ቃል ፊቱ ላይ ስትለጠፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

«ፀዲ፣ ናኸማክት በደች... ፎርጅድ ማለት ነው። አስመስሎ የተሠራ።»

ክው አለች።

«በገዛ እጄ» አለች ቀስ ብላ። «ፎርጅድ ነው ብዬ፣ በጥንቃቄ ብዬ ጻፍኩ?»

«ማንም ሰው ደህና አድርጎ ቢያየው ይገባው ነበር እኮ!» አለ ወንድይራድ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ቀዩ ክር ይታያል፤ ሌላው ስፌት ሁሉ ቡናማ ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ቀይ ክር አያደርግም...»

አላስጨረሰችውም።

«ቀይ ክር እንዳለው ማን ነገረህ?»

ማስታወቂያው ወርዷል። ደብዳቤው ላይ ፎቶ የለም። ቦርሳው በእትዬ ብዙወርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ወንድይራድ እጁን ሎሚዎቹ ላይ ዘረጋና ያችን የተቃጠለች ጥግ ነካት።

«ፎቶው ላይ ይሄም ነበር» አለ።

ለፀዳለ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣላት። ቢሮው። ዴን ሃግ። ኮምፒውተር።

«ሪፖርት» አለች። «ስለ ዕቃ።»

«አዎ።»

«ዕቃው እኔ ነኝ እንዴ?»

«ድርጅቶቹ ለእኛ ይከፍላሉ። ኮምፒውተሩ ቃሉን ይፈልጋል፤ ናኸማክት ያለበትን ሁሉ ለቅሞ ያመጣልኛል። እኔ አይቼ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ወደ ጠበቆቹ ይሄዳል። ስምሽ አልነበረም፣ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ ቲ፣ ብቻ ናት ያለችው። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር።»

«አላነበብከውም?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ፀዳለ በኋላ ብዙ ጊዜ ይህን አስታውሳለች፤ አላነበብኩም ቢላት ታምነው ነበር።

«አንብቤዋለሁ» አላት። «ግን በደች ነው ያነበብኩት፣ ፀዲ። በአማርኛ ባነበው ኖሮ ይገባኝ ነበር።»

ፀዳለ ደብዳቤውን አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው።

«ነገ እነግራቸዋለሁ። ስህተቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«ደስ ያለህን አድርግ። እኔ አልፈርምም።» አበባውን አንስታ ልትሰጠው ዘረጋች፣ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ነገር ያወቀችው ያኔ ይመስል መልሳ አስቀመጠችው። «አሁን ሂድ። ደክሞኛል።»

ካፖርቱን ይዞ ወጣ። እትዬ ብዙወርቅ ፍራፍሬ ቆራርጠው ሲመጡ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ምነው፣ እርስዎ በል ብዬ ስለተቆጣሁት ነው?» አሉ ደንግጠው።

በማግሥቱ ፀዳለ ሮተርዳም ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደች። ያነጋገረቻት ሴት ማስታወቂያው ላይ የነበረውን ቃል ስትሰማ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ አስረዳቻት። ድርጅቱ ራሱ እዚህ አገር አንዴ የሸጠውን ቦርሳ ባለቤቱ መልሶ ቢሸጠው አይከለከልም፤ የተጠገነ ከሆነ ተጠግኗል ማለት ብቻ ነው። አንቺም ብለሻል፣ አለቻት፣ በተሳሳተ ቃል። አብረው አጭር መልስ ጻፉ። እምነቱን አልፈርምም፤ ቦርሳውን መርምሩት። ፀዳለ ቦርሳውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በፖስታ ላከችው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ወንድይራድ ሲደውል አላነሳችም፤ ጥቂት ቆይቶም መደወሉን ተወ። እሱን ስታጣ የሚቀልላት መስሏት ነበር። ይልቁንስ የባቡር መስኮት ማየት አቃታት፤ መስታወቱ ውስጥ የምታገኘው የራሷን ፊት ብቻ ሆነ። ትከሻዋ ያው ይታመማል፤ ማንም ሳይደገፍበት የሚታመም ትከሻ ግን ይበልጥ እንደሚከብድ አወቀች። ትናፍቀው ነበር። በተናደደች ቁጥር ትናፍቀዋለች፤ ስትናፍቀው ደግሞ ትናደዳለች። በዚህ መሃል አረጋውያኑ መታጠብ አለባቸው፣ ታጥባቸዋለች።

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ቦርሳው ተመለሰ። አብሮት አጭር ወረቀት አለ፤ ቦርሳው የድርጅቱ ትክክለኛ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል፣ ጥያቄያችንን አንስተናል። ይቅርታ የሚል ቃል የለውም። መርማሪዎቹ የውስጡን ምልክት ለማየት ገበሩን በምላጭ ዘርጥጠውት እንዳለ ነው የላኩት።

እትዬ ብዙወርቅ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ፀዳለ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር መጥቶ፣ ደስታው ግን አብሮት አልመጣም።

«ለልጁ እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ?» አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

«የቱ ልጅ?»

እትዬ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊደብቁት ነበር፣ አልቻሉም።

«በየእሁዱ ይደውልልኛል፣ ቦርሳው መጣ ወይ እያለ። ያን ሰኞ ሄዶ ሪፖርቴ ስህተት ነው አላቸው። ሻጯን ታውቃታለህ ወይ ሲሉት እወዳታለሁ ብሎ አረፈው። እንዲህ ያለ ሞኝ የት አለ! የምታውቃትን ሴት ጉዳይ ይዘህማ ከእኛ ጋር አትሠራም ብለው አሰናበቱት። ቦርሳውን እንዲመረምሩት ግን አስጽፎ ነው የወጣው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«‹አይንገሯት› አለኛ! እንዲህ አድርጎ፣ አስተካክሎ። ‹እባክዎ እትዬ፣ አይንገሯት›። እኔ ያስተማርኩትን ቃል መልሶ ሲለምነኝ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?»

ፀዳለ ተነሳች። ቦርሳውን እንደተዘረጠጠ አነሳችና ባቡር ጣቢያ ሄደች።

ባቡሩ ሰው ጢም ብሎበታል። ቆማ ሮተርዳምን አለፈች፣ ቆማ ሆላንድ ስፖርን አለፈች፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ድንች ጥብስ ይበላሉ። አምስተርዳም ስትደርስ ዳፐር ገበያ ድንኳኑን እያፈረሰ ነው፤ የረገፈ የጎመን ቅጠል እየረገጠች አድራሻውን ፈለገች። ደወለች። ጠባቡን ደረጃ እየሮጠ የሚወርድ እግር ሰማች።

በሩ ተከፈተ። ወንድይራድ ከስቷል። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት።

«እንዴት ዋሉ?» አላት።

ፀዳለ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ትልቅ ሰው የቆመ መስሏት ነበር። ማንም የለም።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን።» ለብዙ ቀን ያጠናው እንደነበር ያስታውቃል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽሑፍዎን አነበብኩ፣ እርስዎን ግን አላየሁም። ከእንግዲህ ‹አንቺ› ለማለት መብት የለኝም ብዬ... ብዬ አሰብኩ።»

እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። ቦርሳውን ከፍታ የተዘረጠጠውን ገበር አሳየችው።

ወንድይራድ በጣቱ ቅዳዱን ተከተለው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል። ግን በኋላ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል።»

«ያስታውቅ» አላት። ከዚያ ደንግጦ፣ «ያስታውቃል፣ ምንም አይደል፣ እርስዎ ከፈቀዱ...»

«ወንድይራድ።»

«አቤት።»

«ከቭላርዲንገን እዚህ ድረስ ቆሜ ነው የመጣሁት። ትከሻዬን ያመኛል። ደክሞኛል። አንቺ በለኝ።»

አፉን ከፈተ፣ ቃሉ እንቢ አለው። በሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ደረጃውን አሳያት።

«ግቢ» አላት።

ገባች።